የንስሐ አባትሽ ስልክ አለሽ?

ልጆቼ፣

ባለፈው ዐቢይ ጾም የእህቴ ልጅ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ባንክ ነው የምትሠራው፣ ገና 26 ዓመቷ ነው። ደም ማነስ አለባት። ለካ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የታዘዘላትን እንክብልም «ጾም ያስፈታል» ብላ ትታዋለች።

«ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«ቲክቶክ ላይ አንድ መምህር አሉ...»

«የንስሐ አባት የለሽም እንዴ?»

«አሉኝ። ስልክ ስቀይር ቁጥራቸው ጠፋብኝ።»

እዚያው ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሰፈር ውስጥ እስካሁን «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። ከሥራ ዘመኔ የከበደውን ጊዜ ያሳለፍኩት የኤችአይቪ ክፍል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን እናንተ አታውቁትም፣ አለማወቃችሁም ደግ ነው። በሰው ትከሻ ተደግፎ የገባ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በራሱ እግር ሲመጣ ስናይ እልል እንል ነበር።

ያኔ ብዙ ታካሚዎቻችን ጸበል ላይ ነበሩ። በተለይ እንጦጦ ማርያም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በጠዋት ነው የሚሄደው፣ እህል ውኃም አይቀምስም። የያኔው መድኃኒት ደግሞ በየ12 ሰዓቱ፣ ጧትና ማታ የሚዋጥ ነበር። ሰዓት አይዛነፍም። በዚያ ላይ «እምነት ካለሽ ክኒን ምን ያደርግልሻል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ይደብቁን ነበር። ጸበሉን ከእኛ፣ ክኒኑን ከጸበል ጓደኞቻቸው።

አንድ ቀን በእናንተ ዕድሜ ያለች ልጅ ቀጠሮዋን ሁለት ሳምንት አሳልፋ መጣች። ግንባሯ ላይ እምነት ተቀብታለች። ሱባኤ ይዛ እንደነበር ነገረችኝ። ሰው በተሰለፈበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወይ ጸበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጪ!» አልኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። አልተመለሰችም። በአድራሻዋ ሰው ላክን፣ ቤት ለቃለች አሉን። ረቡዕና ዓርብን የምጾመው እኔ፣ ልጅቷን ከእምነቷና ከሕይወቷ አንዱን ምረጪ ያልኳት እኔው ነኝ። የማመካኝበት ሰው የለኝም።

ከወራት በኋላ አንዲት ሴት የንስሐ አባቷን ይዛ መጣች። ቀጭን ቄስ፣ በእጃቸው ጥላ። ቁጭ አሉና ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዋጠው? በባዶ ሆድ ይሆናል? አንድ ቀን ቢታለፍ ምን ያመጣል? ከዚያ በፊት እንዲህ አስተካክሎ የጠየቀኝ አስታማሚ አላስታውስም። መልሴን ሰሙና ወደ እሷ ዞሩ። «ጧት 12 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት። በጸበሉ ዋጪው። ለመድኃኒት የጠጣሽው እንደ መፍታት አይቆጠርብሽም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ።» ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፈችም።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ትልቅ እፎይታ ነበር። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ቃሉ ከየቤቱ የገባው በእንደዚያ ባለጥላ ቄስ በኩል ነው።

ሙስሊም ታካሚዎቼ በረመዳን ለሁለት ጊዜው ክኒን መላ ነበራቸው፦ አንዱን ሱሁር ላይ፣ ሌላውን ሲያፈጥሩ። የስኳር ሕሙማን ነበሩ የሚያስጨንቁኝ። ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት፣ ማለትም ማካካስ፣ በቁርኣን የተፈቀደ ነው። እነሱ ግን ተደብቀው ይጾማሉ። የተለመደውን ኢንሱሊን ተወግተው በባዶ ሆድ ይውላሉ፣ ስኳሩ ይወርድባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ከማለቴ በፊት «ይጾማሉ?» ብዬ መጠየቅ የለመድኩት።

እና እናንተ ልጆች፣ ስልካችሁን ጣሉት አልላችሁም። እኔም ቡና ሳፈላ መዝሙር የምከፍተው ከዩቲዩብ ነው። ቤሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችሁ እሑድ መውጣት ሲከለከሉ ቅዳሴ የሚሰሙት በእሱ ነው። ግን ያ መምህር የሚያወራው ለመቶ ሺህ ሰው ነው። ያንቺን የደም መጠን አያውቅም። የሌሊት ተረኛ መሆንህን፣ እናትህ በቅርብ ማረፏን አያውቅም። የሚያውቃችሁን ሰው ያዙ። ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትበተኑ፣ ሰንበቴው ጋ ትንሽ ተቀመጡ። ሙስሊሞቹም ኢማማችሁን ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጾም ባለበት አገር፣ ከማን ጋር ተማክሮ እንደሚጾም ማወቅ የጾም ኬክ የት እንደሚሸጥ ከማወቅ ይበልጣል። (የኬኩ ነገር ያናድደኛል፣ ይቅር በሉኝ።)

ሁሉም የንስሐ አባት እንደዚያ ቄስ አይደለም። መድኃኒትሽን ጣይ የሚል ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ። ይህን ስል አልፈራም።

ለእህቴ ልጅ ቁጥሩን ከእናቷ ስልክ አውጥቼ ሰጠኋት። ደወለች። «እስክትድኚ ድረስ ቁርስሽን ብይ፣ እንክብልሽን ዋጪ፣ ከፍስክ ብቻ ተጠበቂ» አሏት።

እኔም አምና ስኳር ተገኘብኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለንስሐ አባቴ፣ «55ቱን ቀን እንደ ድሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልኳቸው። መለኪያዋን አስመጡኝ። መነጽራቸውን አድርገው የሳምንቱን ቁጥር አንድ በአንድ አዩት።

«ጧት ብይ» አሉኝ።

ተከራከርኩ። ስለ መድኃኒቱም፣ ስለ ሰውነቴም ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ አልኩ።

«ሲስተር፣ በሽተኛሽ እንዲህ ብላ ብትከራከርሽ ምን ትያታለሽ?»

ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ሰኞ ጧት 2 ሰዓት ላይ ሱፍ ፍትፍቴን በላሁ።