ክፍል 17 ውስጥ ያለው እጅና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ሰሞን ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጂም ቶርፕ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ፣ አሁን ሙዚየም የሆነ አሮጌ ወህኒ ቤት እንደጎበኘሁ በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። «መንፈስ አለበት ይባላል» የምትለዋን ቃል ባልጨምር ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር መሰለኝ። ጨመርኳት፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

እውነት ግድግዳው ላይ ያለው የእጅ ምልክት አይለቅም? ወይስ ለቱሪስት የተፈጠረ ወሬ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ምልክቱ አለ። ክፍል 17 በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። የተዘረጋ መዳፍ ነው፤ ቆሻሻ እጁን ግድግዳ ላይ የደገፈ ሰው ትቶት የሄደ ይመስላል። ደጋግሞ ከተቀባው ግድግዳ ላይ እሱ ብቻ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ሊሰቀል የተወሰደ አሌክሳንደር ካምቤል የሚባል ሰው መሬቱን በእጁ ጠርጎ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ንጹሕ ለመሆኔ ይህ ምስክር ሆኖ ይቀራል አለ ይባላል። «የለም፣ እጁ የቶማስ ፊሸር ነው» የሚሉም አሉ፤ እሱ በዓመቱ የተሰቀለ ነው። በ1930 አንዱ ሸሪፍ ግድግዳውን አስፈርሶ እንደገና አሠራው፤ ምልክቱ ተመለሰ ይላሉ። በ1960 ደግሞ ሌላው ቀለም ቀባው፤ አሁንም ተመለሰ።

የኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ መዳፍ በራሱ ይመለሳል ብዬ አላምንም። ወህኒ ቤት ብዙ እጅ ያለበት ቤት ነው፤ ከእስረኞቹ ወይም ከጠባቂዎቹ መካከል አንዱ ማታ ማታ ቢያድሰው ማን ያያል? እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰውየው ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ አንድ ሸሪፍ ግድግዳ እስኪያስፈርስ ድረስ ምን ቢረብሸው ነው?

ሰዎቹ ምን አድርገው ነው የተሰቀሉት? «የሠራተኛ ማኅበር አባላት ነበሩ» ያልከው አልገባኝም። (ከፊላደልፊያ)

ይሄኛው ጥያቄ ነው ዋናው። መንፈሱን ተዉትና እዚህ ላይ ቆዩ።

አካባቢው የድንጋይ ከሰል አገር ነው። ከሰሉን የሚቆፍሩት ብዙዎቹ ከረሃብ የሸሹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ፤ ካቶሊኮች፣ ድሆች፣ በአገሬው የተናቁ። ማዕድኑም ባቡሩም የኩባንያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ሠራተኛው ለወራት ሥራ አቁሞ ተሸነፈ፤ ማኅበሩም ተሰባበረ። በዚያ ዘመን የማዕድን አለቆች እየተገደሉ ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሰው ሞቷል። ገዳዮቹ «ሞሊ ማግዋየርስ» የሚባል የአየርላንዶች ምስጢራዊ ቡድን ናቸው ተባለ።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የአንዱ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ጋወን ፒንከርተን የሚባለውን የግል መርማሪ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ ጄምስ ማክፓርላንድ የሚባል ጆሮ ጠቢ ላከ። እሱም ራሱ አየርላንዳዊ ነው፤ ስሙን ለውጦ ከሁለት ዓመት በላይ አብሯቸው ጠጣ፣ ዘፈነ፣ ተማማለ። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረባቸው። በጎረቤት አውራጃ ችሎት ጋወን ራሱ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ቆመ። እዚህ ከተማ ደግሞ ከከሳሾቹ አንዱ የከሰል ኩባንያ ጠበቃ ነበር። ጁሪው ላይ፣ ማለትም ፍርዱን ከሚሰጡት ተራ ዜጎች መካከል፣ የአየርላንድ ካቶሊክ አልተቀመጠም። ከተቀመጡት ውስጥ ጀርመንኛ እንጂ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይሰሙ ነበሩ።

መርማሪው የግል፣ ምስክሩ ቅጥረኛ፣ ከሳሹ የኩባንያ ሰው። የመንግሥት ድርሻ ችሎቱና ገመዱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ካምቤል መሸታ ቤት ነበረው። አንድ የማዕድን ኃላፊ ሲገደል በቦታው አልነበረም፤ አሲሯል ተብሎ ነው የተፈረደበት። ሰኔ 21 ቀን 1877 እሱን ጨምሮ አራት ሰዎች እዚህ ወህኒ ቤት ውስጥ በአንድ መስቀያ ላይ ተሰቀሉ። በዚያው ቀን ጎረቤት ከተማ ፖትስቪል ውስጥ ሌሎች ስድስት ተሰቀሉ። አገሬው «የገመዱ ቀን» ይለዋል። እስከ 1879 ድረስ በጠቅላላው 20 ሰው ተሰቅሏል፤ ሰባቱ እዚህ ቤት ውስጥ።

ከሰባቱ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ጄምስ ማክዶኔልና ቻርልስ ሻርፕ ናቸው። ጥር 14 ቀን 1879 አገረ ገዢው ስቅላቱ እንዲዘገይ ቴሌግራም ላከ። መልእክተኛው የወህኒውን በር ሲያንኳኳ ሁለቱም ገመዱ ላይ ነበሩ። ያ በር ዛሬም የምትገቡበት በር ነው። እኔ ከነገሩኝ ሁሉ ይህችን ነው ይዤ የወጣሁት።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ የቡድኑ መሪ ተብሎ ፖትስቪል ላይ ለተሰቀለው ጃክ ኪሆ የፔንሲልቬኒያ አገረ ገዢ ይቅርታ አደረገለት። ለማን ይጠቅማል አትበሉኝ፤ ዘሮቹ ጠይቀው ነው።

የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ታሪክ ትወዳለች። እናቴ ደግሞ ከአገር ቤት መጥተዋል፤ «የተሰቀለ ሰው ቤት ገብታችሁ ልክፍት ይዛችሁ ልትመጡ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ምን ላድርግ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እናትዎን በግድ አያስገቡ። የኔ እናት በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በሩ ላይ አማትበው፣ እኔንም አስማትበው ይመልሱኝ ነበር። ከወህኒው ቁልቁል ብሮድዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ቡና ቤትም ሱቅም አለ፤ አንዳችሁ አብራችኋቸው ቁጭ በሉ።

ልጅቷ ትችላለች ብዬ አስባለሁ፤ ግን አስቀድመው ይንገሯት። ትልቁ አዳራሽ ግራና ቀኙ ባለ ሁለት ፎቅ የእስረኛ ክፍል ነው። መሀሉ ላይ መስቀያው ቆሟል። የጥንቱ ሳይሆን በእሱ አምሳል የተሠራ ነው፤ ቢሆንም አራት ገመድ ተንጠልጥሎ ማየት ለአዋቂም ይከብዳል። ከታች፣ ምድር ቤት ደግሞ ለቅጣት የተሠሩ ጨለማ ክፍሎች አሉ። እዚያ ስወርድ ቀዘቀዘኝ። አብሮን የነበረ አንድ ጎረምሳ «ተሰማህ?» አለኝ። ከመሬት በታች ያለ የድንጋይ ቤት ይቀዘቅዛል፤ የአያቴም ጎተራ ይቀዘቅዝ ነበር።

ርቀቱ? መቼ ይሻላል? (ከሦስት ሰዎች)

ከፊላደልፊያ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዲሲ አካባቢ እንደ ትራፊኩ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት። ከፊላደልፊያ በኩል በ476 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ መውጫ 74 ላይ ትታጠፋላችሁ። ሙዚየሙ ክረምቱን ዝግ ነው፤ የፈረንጁን ክረምት ማለቴ ነው። በጋውንና መጸውን ይሠራል፤ ቀናቱን ደውላችሁ አረጋግጡ። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ከተማዋ እጅግ ታምራለች፤ መኪና ማቆሚያ ግን አታገኙም። እኔ 40 ደቂቃ ዞሬያለሁ። ደረጃ የሚከብደው ሰው ምድር ቤቱን ይተወው።

ጂም ቶርፕ የአትሌት ስም አይደለም እንዴ? (ከአትላንታ)

ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ወርቅ ያገኘው የቀይ ሕንዶች ተወላጅ። ከተማዋ ድሮ ማውክ ቸንክ ነበር ስሟ፤ በነባሮቹ ቋንቋ የድብ ተራራ ማለት ነው። ከሰሉ ሲቀዘቅዝ ከተማዋ ደኸየች። ቶርፕ በ1953 ሲሞት ሚስቱ ከከተማዋ ጋር ተዋዋለች፦ አስከሬኑን ውሰዱ፣ ሐውልት ሥሩ፣ ስሙን ያዙ። በ1954 ስሙ ተለወጠ። ወንዶች ልጆቹ አባታችንን ወደ ትውልድ አገሩ መልሱልን ብለው ቢከሱም አልተሳካላቸውም። የአበበ ቢቂላን አስከሬን አንድ የማያውቃት ከተማ ስሙን ልትይዝ ስትወስደው አስቡት። እኔ አልወደድኩትም።

ወህኒ ቤት ሙዚየም ማድረግ ለፈረንጅ ይሆናል። እኛስ ከርቸሌን ብናስቀር ኖሮ ማን ይገባል? (ከዲሲ፣ «የቀድሞ እስረኛ» ብለው የጻፉ)

የእርስዎን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የተባለው፣ ዛሬ የለም። ፈርሷል፤ ቦታው ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። መነኩሴ በፈቃዱ የሚለውን ቃል ነበር ለእስረኛው የሰጡት። ጣሊያን በሰው ሞልቶታል፣ የንጉሡ ባለሥልጣናት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ውስጥ ተረሽነዋል፣ ከዚያም የቀይ ሽብር ልጆች ገቡበት። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አለ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ለሙዚየምነት የተሠራ አዲስ ቤት ነው። እዚያ ልብስና ፎቶ ያያሉ። በሩን አያዩም።

ማን ይገባል ላሉት፣ እኔ እገባ ነበር። እርስዎ ባይገቡ ይገባኛል። የልጅ ልጅዎ ግን «አያቴ የቱ ክፍል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በጣቱ የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእጁን ፎቶ ለምን አልለጠፍክም? (ከብዙዎች)

እሱን ማንሳት ክልክል ነው። ሌላውን አንሱ። እኔ ስልኬን ቀስ ብዬ ከኪሴ ሳወጣ አስጎብኚዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ዞር ሳትል «ክፍል 17 አይነሳም» አለች። መልሼ ከተትኩት።