የአይፎንህ ስክሪን የራሱ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ትልልቅ ስልኮች አሉኝ፤ አንዱን ሸጬ አንዱን ላስቀር ነው። አንደኛው እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የሰጠችኝ አይፎን 12 ፕሮ ማክስ ነው፤ ወድቆ ስክሪኑ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀይሯል። ሁለተኛው ከዱባይ የመጣ ሳምሰንግ ኖት 20 አልትራ ነው። ሰው ሁሉ አይፎኑ ይፈጥናል ይለኛል፤ እኔ ግን ጎን ለጎን ሳያቸው የሚጎተተው አይፎኑ ነው። ስጽፍ ፊደል ይዘላል፣ ጣቴ መስታወቱ ላይ አይንሸራተትም፣ ማታ ጥቁሩ ግራጫ ይመስለኛል፣ 25 ፐርሰንት ላይ ደግሞ ድንገት ይጠፋል። ኖቱ ለስላሳ ነው፤ ግን ቪዲዮ ስቀርጽ ይግላል፣ ሰሞኑን ደግሞ ጀርባው በአንድ በኩል ከፍ ያለ መሰለኝ። የቱን ላስቀር?

መልስ፦ መጀመሪያ ኖቱን ከቻርጀር ንቀለው። ጀርባው የተነሳ ስልክ፣ የለቀቀው ሙጫው ብቻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ባትሪው እንዳበጠ ነው የሚቆጠረው። በጣትህ ተጭነህ ወደ ቦታው ልመልሰው አትበል፤ ጠባብ ኮቨር አታልብሰው፤ ትራስ ሥር አታሳድረው። እመለስበታለሁ።

ወደ አይፎኑ ልምጣ። የጻፍካቸውን ምልክቶች አንድ ላይ ሳያቸው የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ የተገጠመልህ ስክሪን ኦሌድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ዓይነት፣ አይደለም፤ ኢንሴል የሚባለው፣ ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ ነው። ግራጫ ጥቁር፣ የሚይዝ መስታወት፣ የሚዘል ፊደል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ቦታ አልፈልግም። ስለዚህ እስካሁን ያወዳደርከው አይፎንን ከኖት ጋር ሳይሆን ርካሽ ስክሪንን ከኖት ጋር ነው።

ለማረጋገጥ ስልኩን መክፈት አያስፈልግህም። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ግባ። ስለ ተቀየሩ ዕቃዎች የሚናገር ክፍል ካገኘህና ዲስፕሌይ ላይ «አንኖውን ፓርት» ካለ፣ ስልኩ የተገጠመለትን ስክሪን አያውቀውም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ግን ኢንሴል መሆኑን አይነግርህም፤ ከሌላ አይፎን የተነቀለ እውነተኛ ስክሪንም እንዲህ ሊያስብል ይችላል። ማታ መብራት አጥፋ፤ ሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ ስክሪኑን ሞልተህ ክፈት፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርግ። ኦሌድ ከሆነ ስክሪኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በዓይንህ አትለየውም፤ ጥቁር የሚያሳየው ነጥብ ራሱ ይጠፋልና። ኤልሲዲ ከሆነ ከኋላ ያለው መብራት ስለማይጠፋ መስታወቱ በሙሉ አመድማ ብርሃን ይኖረዋል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ይበልጥ ይነጣል።

ቀጥለህ ጥፍርህን ከብረቱ ጠርዝ ወደ መስታወቱ ቀስ ብለህ ጎትት። ደረጃ ካገኘህ ስክሪኑ ከብረቱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ኢንሴል ወፍራም ነው፤ ሲዘጋ በግድ ይገባል ወይም ጠርዙ ላይ ይቀራል። አንድ ጠብታ ውኃም መስታወቱ ላይ ጣል፤ እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ከቆመ ቅባት የሚከላከለው ሽፋን አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ የለም። በጥራት የተሠራ ስክሪንም በዓመታት ይህ ሽፋን ይለቀዋል፤ አዲስ የተገጠመ ስክሪን ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ከሌለ ዕቃው ርካሽ ነው።

ለሚዘለው ፊደል አንድ አፕ ተጭነህ ያዝና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሳትለቀው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በቀስታ ጎትተህ አዳርሰው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከእጅህ ካመለጠ ጥፋቱ የስክሪኑ ንክኪ ነው። ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ካመለጠህ ግን ቻርጀርህን ጣለው፤ ርካሽ ቻርጀር የሚለቀው የኤሌክትሪክ ረብሻ ንክኪውን ያምታታዋል።

ስለ ፍጥነት ግን ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው ይህን ሳይለይ ነው። አይፎን 12 ፕሮ ማክስ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። ኖት 20 አልትራ እስከ 120 ጊዜ። በአንደኛው ከአንድ ምስል እስከ ቀጣዩ 16.7 ሚሊሰከንድ አለ፤ በሌላው 8.3። ፕሮሰሰሩ አዲሱን ምስል ወዲያው ቢያዘጋጅም አንተ የምታየው ቀጣዩ እድሳት ሲደርስ ነው። መገናኛ ቆመህ በየ16 ደቂቃው የሚነሳ ሚኒባስና በየ8 ደቂቃው የሚነሳ ሚኒባስ አስብ። ሹፌሩ መንገድ ላይ የቱንም ያህል ቢበር፣ የሚያስመርርህ ቆመህ የጠበቅከው ነው። የአይፎኑ ሹፌር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ኤ14 ነው፤ የኖቱ፣ ከዱባይ የመጣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ኤክሲኖስ 990። ከሁለቱ ኤ14 ይበልጣል። ያም ሆኖ ጣትህ ሥር የሚሰማህ የሹፌሩ ችሎታ ሳይሆን የመነሻው ሰዓት ነው።

በሚሊ ሜትር ልንገርህ። ቴሌግራም ላይ ወደ ታች ስትጎትት ጽሑፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህሉን የስክሪን ቁመት በግማሽ ሰከንድ ካቋረጠ፣ በ60 እድሳት አንዷ መስመር በየምስሉ 5 ሚሊ ሜትር እየዘለለች ነው የምትሄደው። በ120 ዝላይዋ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይንህ «ለስላሳ» የሚለው ይቺን ነው። መልእክቱ የሚከፈትበት፣ ፎቶው የሚጫንበት ጊዜ ግን አንድ ሚሊሰከንድ አልቀነሰም። አይፎኑ ላይ አስመስሎ የተሠራ ስክሪን ሲጨመር ደግሞ የኢንሴሉ ነጥቦች ቀለም የሚቀይሩት ከኦሌድ ቀስ ብለው ስለሆነ ጽሑፉ ሲሄድ ጥላ ይጎትታል። አንተ ያንን «ፕሮሰሰሩ ደከመ» ብለህ ታነበዋለህ።

ሁለቱን በእኩል ልትመዝናቸው ከፈለግህ ኖቱን ወደ 60 አውርደው፦ ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ሞሽን ስሙዝነስ፣ ስታንዳርድ። ልዩነቱ እዚያው ከጠፋ መልስህን አገኘህ። በነገራችን ላይ ኖቱ 120 የሚሠራው የስክሪኑ የምስል ጥራት ኤፍኤችዲ ፕላስ በሚባለው ደረጃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወደ ከፍተኛው ጥራት፣ 3088 በ1440 ነጥብ፣ ካወጣኸው ራሱ ወደ 60 ይወርዳል። ብዙ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኘ ይመስለዋል።

እውነተኛውን ፍጥነት የምትለካው በሥራ ነው። የአንድ ደቂቃ 4ኬ ቪዲዮ ሁለቱም ላይ ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ ውስጥ አስገብተህ አንድ ዓይነት አድርገህ አውጣ፤ በሰዓት ያዝ። ሁለቱም ከ50 ፐርሰንት በላይ ይሁኑ፣ ቻርጅ ላይ አይሁኑ፣ ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ድገመው፤ ሦስተኛው ነው የሚነግርህ። ስልክ ሲግል ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ኤክሲኖስ 990 ደግሞ በዚህ ይታወቃል። ኖቱ ባትሪው ሳይቀየር ግን ይህን ሙከራ እንዳትሞክረው፤ ያበጠ ባትሪ ላይ ሙቀት አይጨመርም።

የኖቱን ሞዴል አባውት ፎን ላይ እየው። ኤስኤም-ኤን986ቢ ወይም ኤን985ኤፍ ከሆነ ኤክሲኖስ ነው፤ ኤን986ዩ ከሆነ የአሜሪካው፣ ስናፕድራገን 865 ፕላስ ያለው ነው፤ ያኛው በሙቀትም ይሻላል። ስክሪኑን መደወያው ላይ *#0*# ብለህ ፈትሸው፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አንድ በአንድ አውጥተህ የኪቦርድ ወይም የላይኛው መስመር ጥላ ተቃጥሎ መቅረቱን ተመልከት። ጠርዙ ተጣምሞ የሚወርድ ካልሆነና የጣት አሻራው የማይሠራ ከሆነ ኖቱም ኤልሲዲ ተገጥሞለታል ማለት ነው፤ ከስክሪኑ ሥር ያለው አሻራ አንባቢ በኤልሲዲ ውስጥ አልፎ ማንበብ አይችልም።

አሁን አይፎኑ 25 ላይ ለምን ይጠፋል? ያረጀ ባትሪ ነው። ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወርድና ይዘጋል። ሴቲንግ፣ ባትሪ፣ ባትሪ ሄልዝ እየው፤ ከ80 በታች ከሆነ ቀይረው። አንዴ እንዲህ ከጠፋ በኋላ አይኦኤስ፣ የአይፎኑ ሶፍትዌር፣ ዳግም እንዳይጠፋ ብሎ ፕሮሰሰሩን ሊገታው ይችላል፤ የምትለው መጎተት ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ኢንሴሉም ተደርቦበታል፦ ዳርክ ሞድ ብታደርግ እንኳ የኋላ መብራቱ ስለማይጠፋ አትቆጥብም።

ስለዚህ ስክሪንና ባትሪ በአንድ መክፈት ይቀየሩ። ሱቅ ስትገባ «ኦርጅናል ነው» የሚልህን ትተህ የቱ እንደሆነ ጠይቅ። ሶፍት ኦሌድ፣ ማለትም ነጥቦቹ ተጣጣፊ ፕላስቲክ ላይ የተቀመጡበት፣ ወይም መስታወቱ ብቻ የተቀየረለት የአፕል ስክሪን ይሁን። ሀርድ ኦሌድ ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ ግን ነጥቦቹ የተቀመጡት ጠንካራ ብርጭቆ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሲወድቅ አብሮ ይሰነጠቃል። ኢንሴልን ደግሞ በዚህ ስልክ ላይ መግጠም ራሱ ሊያሳፍር ይገባ ነበር፤ በኦሌዱ ምክንያት ውድ የሆነን ስልክ ኤልሲዲ አልብሶ፣ የኦሌድ ዋጋ ተቀብሎ መሸኘት ሙያ አይደለም።

አይፎኑን ራስህ ከከፈትከው ባትሪውን መጀመሪያ ከ25 ፐርሰንት በታች አውርደው፤ ሙሉ ባትሪ ሲወጋ ይቀጣጠላል። ከታች ያሉትን ሁለት ባለ አምስት ጫፍ ብሎኖች በራሳቸው ካቻቢቴ ፍታ። ጠርዙን እጅ በሚችለው ያህል አሙቀህ በመምጠጫ ሳብ፤ በቀጭን ፕላስቲክ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሳታስገባ ዙሪያውን ሙጫውን ቁረጥ። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ አትጎትት፤ ፍላት ኬብሎቹ አንድ ጎን ላይ ናቸው። ሌላ ምንም ሳትነካ የባትሪውን ኮኔክተር ንቀል። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በየቦታቸው አስቀምጥ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰርከው ሥሩ ያለውን ቦርድ ይበሳዋል። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ብሎን ጎድሎበት ወይም አቀያይሮ ከሆነ ያኔ ታየዋለህ።

ከአሮጌው ስክሪን ጀርባ የጆሮ ስፒከሩን የያዘው ፍላት ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። በዚህ ሞዴል ፌስ አይዲ፣ ስልኩን በፊትህ የሚከፍተው፣ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ላይ ነው፤ ከቦርዱ ጋርም የተጣመረ ነው። ተቀደደ ማለት ፌስ አይዲ ሄደ ማለት ነው፤ የሌላ ስልክ ብታመጣለት አይቀበለውም። ፌስ አይዲህ አሁን የማይሠራ ከሆነ ያለፈው ጥገና ቀድዶታል ብዬ ነው የማስበው።

የባትሪው ማጣበቂያ የሚሳብ ነው፤ በዝግታ፣ ወደ ታች ዘንበል አድርገህ ሳበው። ከተበጠሰብህ ጥቂት ጠብታ አልኮል ጨምረህ ጠብቅና በፕላስቲክ ካርድ አንሳው። በካቻቢቴ ወይም በማንኛውም ብረት ባትሪ አይፈለቀቅም። አዲሱን ስክሪን ሳትዘጋ አገናኝተህ ንክኪውን፣ ብርሃኑን፣ ፌስ አይዲውን ሞክር፤ ከዚያ አዲስ ማሸጊያ ሙጫ አድርገህ ዝጋው። የሱቅ ጥገና ብዙውን ጊዜ ይህን ሙጫ ይዘለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ስልክ ውኃ የሚችል መሆኑን እርሳው።

ኖቱን ግን አንተ አትክፈተው። የሳምሰንግ ባትሪ በጠንካራ ሙጫ ነው የሚቀመጠው፤ ካበጠ ደግሞ ሲፈለቀቅ ይቀደዳል። ለባለሙያ ስትሰጠው ሁለት ነገር አስረግጠህ ንገረው፦ ባትሪው ላይ የሙቀት መሣሪያ እንዳይተኩስ፣ በብረት እንዳይፈለቅቅ። አልኮልና ትዕግሥት ይበቃዋል። የባትሪው ቁጥር ኢቢ-ቢኤን985ኤቢዋይ ነው፤ 4500 ሚሊአምፔር አወር። በዚያው መጠን 6000 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካመጡልህ ውሸት ነው፤ መልስላቸው።

ሁለቱም ከተስተካከሉ በኋላ በእጅህ ይዘህ ፍረድ። አይፎኑ 228 ግራም ነው፣ ጠርዙ ጠፍጣፋ ብረት፤ ተኝተህ ስታነብ ትንሿን ጣትህን ይጎዳታል። ኖቱ 208 ግራም ነው፤ ውፍረቱ 8.1 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ አይፎኑ 7.4፣ ጠርዙ ስለተጣመመ ቀጭን ይመስላል። ግን ያ ጥምም መዳፍህ ሲነካው ያልፈለግከውን ይከፍትብሃል፤ መስታወት መከላከያም በደንብ አይዝለትም። ብዙ የምታነብ፣ ፀሐይ ላይ የምትሠራ፣ በብዕሩ የምትጽፍ ከሆነ ኖቱ። አንተ ግን ቪዲዮ እንደምትቀርጽ ነግረኸኛል፤ ኖቱ ያኔ ይግላል። ደግሞም ኖቱ ዋና ዋናዎቹን አዲስ ሶፍትዌሮች መቀበል ያቆመው አንድሮይድ 13 ላይ ነው፣ አይፎኑ ግን ከዚያም በኋላ እየተቀበለ ነው። ፌስ አይዲው የሚሠራ ከሆነ አይፎኑን አስቀር፤ የማይሠራ ከሆነ ለገዢው ነግረህ እሱን ሽጥ።

ኖቱን የምትሸጥ ከሆነ ባትሪው ሳይቀየር ለማንም አትስጠው። እስኪቀየር አጥፍተህ፣ የማይቀጣጠል ዕቃ ውስጥ አሸዋ ላይ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቀህ አስቀምጠው። የወጣውን ባትሪ ደግሞ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣለው፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነህ እዚያው ለጠጋኙ ተውለት።