«ራሱን አልሳተም እኮ ዶክተር»፦ ልጄ ቅዳሜ ራግቢ ይጫወት ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሊድስ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ራግቢ ይጫወታል፣ አካዳሚ ለመግባት ቅዳሜ የመጨረሻ ሙከራ አለው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ተጋጣሚውን ይዞ ሊጥል (ታክል) ሲገባ ጭንቅላቱን በጉልበት ተመታ፣ ራሱን ግን አልሳተም፣ ጨዋታውንም ጨርሷል። ከዛ ወዲህ ራሱን ያመዋል፣ መጋረጃ ዝጉ ይላል፣ በሆነ ባልሆነው እህቱ ላይ ይጮሃል። ምች መስሎኝ ዳማከሴና ጤና አዳም አሸሁለት፣ ሲብስበት ወንድሜ ለጀርባው ከታዘዘለት ማስታገሻ፣ ከትራማዶሉ ሰጠው፣ እሱን ሲውጥ ይሻለዋል። ለአሰልጣኙ አልተናገረም። «አርብ 21 ቀን ይሞላኛል፣ ቅዳሜ መጫወት እችላለሁ» ይላል። ለራስ ምታቱ ምን ቫይታሚን ልስጠው? ደግሞ ያ ዋንጫ አንስቶ ማንሳቱን የረሳው እንግሊዛዊ አለ አይደል፣ የኔም ልጅ እንደሱ ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ ቫይታሚኗን እንተዋት እህቴ፣ ቫይታሚን ፈልገው እንዳልጻፉልኝ ገብቶኛል። ዋናው ጥያቄ «ደግሞ» ብለው መጨረሻ ላይ ያስገቧት ናት፣ ከሷ ልጀምር።

ሰውየው ስቲቭ ቶምፕሰን ነው። እንግሊዝ በ2003 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲድኒ ላይ የዓለም ዋንጫ ስታነሳ ስክረሙ (ተጫዋቾቹ ተቆላልፈው የሚጋፉበት) ውስጥ ፊት መስመር መሀል ላይ የሚገፋው እሱ ነበር፣ ሁከር የሚሉት ቦታ። በ2020፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) እንዳለበት ተናገረ፣ ያንን ፍጻሜ መጫወቱን አያስታውሰውም። የዌልሱ ተጫዋች አሊክስ ፖፓምም በዛው ዓመት ተናገረ፣ እሱ እንዲያውም በሽታው የተገኘበት በ40ው ነው። አልዋሽዎትም፣ ይሄ ስፖርት የጭንቅላት ዕዳ አለበት፣ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ 412 ሰዎች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ እንዲህ አይነቱ የአንጎል በሽታ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ ጉልበት አይደለም እዛ የደረሱት። ራግቢ ዩኒየን (እነዚህ ሰዎች የተጫወቱት የራግቢ አይነት) በ1995 ደሞዝ የሚከፈልበት ሙያ ከሆነ በኋላ ሰዎቹ ገዘፉ፣ ልምምዱ በረታ፣ ጨዋታ ላይ ብቻ ሳይሆን በልምምድም በሳምንት ስንቴ እንደሚጋጩ የሚቆጥርላቸው አልነበረም፣ እንዲህ እያሉ አስር አስራ አምስት ዓመት። ዛሬ ቢያንስ መቁጠር ተጀምሯል። ከ2021 ጀምሮ የዓለም ራግቢ (የስፖርቱ የበላይ አካል) መመሪያ ለባለሙያ ተጫዋች ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት ከ15 ደቂቃ አይብለጥ ይላል (መመሪያና ሜዳ ሁሌ ይገናኛሉ አላልኩም)። የልጅዎ ጉዳይ ግን ኮንከሽን (አንጎል በምት ሲናጥ የሚመጣ ጉዳት) ይመስላል፣ አንድ ኮንከሽን ደግሞ በደንብ ከታረፈበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ በሱ ዕድሜ እስከ አራት ሳምንት ቢወስድ አይገርመኝም። ይተንፍሱ።

አሁን ግን «ራሱን አልሳተም» የምትለዋ ላይ እመጣለሁ፣ ምክንያቱም ይቺ ቃል ታደክመኛለች። አባት ይላታል፣ አሰልጣኝ ይላታል፣ ልጁ ራሱ ይላታል፣ ድንገተኛ ክፍል እያዛጋ የሚጠብቀው አጎትም ይላታል። አስር ኮንከሽን ካለ ዘጠኙ እና ከዛም በላይ ራስን ሳያስት የሚመጣ ነው። ራስ መሳት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙን ሰው ወደ ሜዳ መልሰን ነበር፣ ድሮ ያደረግነውም ይሄንኑ ነው። እስቲ ቅል ውስጥ ያለ እርጎ ሲናጥ ያስቡ። ቅሉ ይሰነጠቃል? አይሰነጠቅም፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ያለው ግን ድሮ የነበረው አይደለም። የራስ ቅል የምንለው በከንቱ አይደለም። ጉልበቱ ሲመታው አንጎሉ ውስጥ ውስጡን ተናጠ፣ የነርቭ ክሮቹ ተሳቡ፣ ጉልበት የሚያገኙበት ኬሚካል ተዛባ፣ ይሄንን ደግሞ ሲቲ ስካን አያየውም። ሲቲ የሚያየው ቅሉ መሰንጠቁንና ደም መፍሰሱን ነው፣ ስለዚ «ስካኑ ንጹህ ነው» ብሎ የሚመጣም ሰው ካለ ያው የ«ራሱን አልሳተም» ወንድም ነው። ጨዋታውን ጨረሰ ማለትም ምንም ማለት አይደለም! ትልልቆቹ ጋ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ተጫዋቹን አውጥቶ አስራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይመረምረዋል፣ የት ሜዳ ነን፣ ስንተኛው አጋማሽ ነው፣ መጨረሻ ያገባው ማነው፣ ባለፈው ሳምንት ከማን ተጫወታችሁ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ከ2024 ወዲህ እንዲያውም ጥርስ ላይ የሚደረገው ጋርድ ውስጥ የምቱን ኃይል የሚለካ ነገር አለ። ይሄ ሁሉ የመጣው ቆሞ የሚሮጥ ሰውም ኮንከሽን ሊኖርበት ስለሚችል ነው። በሰሜን አየርላንድ በ2011 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ጨዋታ ተመታ፣ ተነሳ፣ ቀጠለ፣ ደግሞ ተመታ፣ ደግሞ ቀጠለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ወደቀ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ያልዳነ ጭንቅላት ላይ ሁለተኛ ምት ሲደረብ በተለይ ልጆች ላይ አንጎል በደቂቃ ውስጥ ሊያብጥ ይችላል፣ ብዙ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ለሐኪም ጊዜ አይሰጥም። እኔን ቅዳሜ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ዛሬ ሃያ ዓመት የሚመጣው መርሳት አይደለም።

ምቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ሊድስ ላይ በፌብሩዋሪ ምች የሚያስመታ ፀሐይ ከየት ተገኘ? ዳማከሴው ግድ የለም፣ አልጎዳውም።

ትራማዶሉ ግን እንዴት እንዴት ሆኖ ነው? ለወንድምዎ ጀርባ የታዘዘ መድኃኒት ለ17 ዓመት ልጅ፣ ያውም ጭንቅላቱን ለተመታ ልጅ! ትራማዶል እንቅልፍ ያመጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ የሚጥል በሽታ አይነት ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ማለትም ጭንቅላቱ ውስጥ አደጋ ቢኖር እኛ የምንለይባቸውን ምልክቶች ሊሸፍንብን ይችላል። «ሲውጥ ይሻለዋል» አሉኝ፣ አልተሻለውም፣ ህመሙ ተደበቀ እንጂ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሕጉም አይፈቅድም፣ ሌላው ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም ያላሰበው ነገር፣ ትራማዶል ከ2024 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በውድድር ቀን የተከለከለ ዶፒንግ ነው። ሽንቱን ቢወስዱ አጎቴ ነው የሰጠኝ ብሎ አያመልጥም፣ አካዳሚ ሳይገባ ስሙ ይበላሻል። ዝም ብሎ ሌላ ማስታገሻም በየቀኑ አይስጡት፣ በወር ከአስር አስራ አምስት ቀን በላይ ሲወሰድ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ትራማዶሉን በተከታታይ ሲውጥ ከነበረ አቋረጡን ለሐኪሙ ይንገሩትና እሱ ይምራችሁ።

21 ቀኑን ልጁ ሰምቷል፣ ግማሹን ነው የሰማው። እንግሊዝ ውስጥ ለክለብና ለትምህርት ቤት ጨዋታ 21 ቀን ማለት ከዛ በፊት ወደ ውድድር አይመለስም ማለት ነው፣ 21 ሲሞላ ይመለሳል ማለት አይደለም። ግጭት ያለበት ልምምድ ለመጀመር በቅድሚያ 14 ቀን ሙሉ ያለ ምንም ምልክት መቆየት አለበት፣ ያለ ኪኒን ማለቴ ነው። ዛሬ መጋረጃ ዝጉ የሚል ልጅ የ14 ቀኑን አንደኛ ቀን ገና አልጀመረም። ቅዳሜን እርሱት። ይሄንን በለስላሳው ልነግርዎ ሞከርኩ፣ ሌላ አነጋገር አላገኘሁለትም።

ነገ ጠዋት ጂፒ (የሰፈር ሐኪማችሁ) ጋ ደውለው የጭንቅላት ምት ነው፣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አልተሻለውም ይበሉ፣ የዋጠውን ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አንድ እጁ ከደከመ ወይ የዓይኑ ብሌን አንዱ ከአንዱ ከሰፋ ግን ጂፒ አይጠብቁ፣ 999 (የድንገተኛ ስልክ) ነው። ከዛ ውጪ እንዲሁ ጨለማ ክፍል ማስቀመጥም አይጠቅመውም፣ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ስልኩን ይቀንስ፣ ይተኛ፣ የሚያሳምመው ነገር ሲያጋጥመው ያቁም።

አሰልጣኙ ጋ ደግሞ ራሱ ልጁ ይንገር፣ እርሶ አይደሉም። ኮንትራቱ ይቀርብኛል ብሎ ነው የፈራው፣ ይገባኛል፣ እሱ ጋ ሙከራው የዓለም መጨረሻ ነው። ጆርጅ ኖርዝን ያውቀዋል፣ ይጠይቁት። የዌልሱ የክንፍ ተጫዋች በ2015 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ተመታ፣ ዓለም ሁሉ አለቀለት ሲል አምስት ወር ያህል ቁጭ አለ፣ ከዛ ተመልሶ እስከ 2024 ለዌልስ ተጫወተ፣ በጠቅላላው ከ100 በላይ ጨዋታ። እሱ አምስት ወር ከቻለ የርሶ ልጅ ጥቂት ሳምንት ይችላል፣ ሙከራ ደግሞ ሌላ ጊዜም ይኖራል።

የቀሩትን ትራማዶሎች ወንድምዎ ካልፈለጋቸው ሰፈራችሁ ያለ ፋርማሲ ይመልሱለት፣ ይቀበላሉ። ጤና አዳሙን ለቡና ያስቀሩት።