በአሜሪካ ቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ባለሙያ መሆን ለሚሹ ወገኖች

በአሜሪካ ቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ትንበያ ማቅረብ የሚመኙ ልጆቻችን ምክር ሲጠይቁኝ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት አነጋገራቸውን ነው፤ «አክሰንቴ ያስኬደኛል ወይ?» ይሉኛል። ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ትቶ ወደዚህ ማዘንበሉ ስለሚያሳስባቸው «ለመሆኑ ይህ እንጀራ ይሆናል?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት ብዙ ሰው ከመንገድ የሚቀረው በአክሰንቱ ሳይሆን በሌሎች ሁለት ነገሮች ነው፤ አንዱ ካልኩለስ የተባለውን ከፍተኛ ሒሳብ መሸሽ ሲሆን ሌላው ከወገን ርቆ ስሙ ወደማይታወቅ ትንሽ ከተማ ለመሄድ አለመድፈር ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዜና አንባቢው በካሜራው ፊት በሚያልፈው ጽሑፍ እየታገዘ ያነባል፤ የአየር ትንበያ ባለሙያው ግን በአብዛኛው የሚያነበው ጽሑፍ የለውም። ስርጭቱ ከመጀመሩ ከሰዓታት በፊት ገብቶ ከምድር ጣቢያዎች የመጣውን መረጃ፣ የሳተላይትና የራዳር ምስሎችን፣ እንዲሁም በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ የሚለቀቁት ፊኛዎች የለኩትን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ይመረምራል። ከዚያም በኮምፒውተር የሚሰሉትን የትንበያ ሞዴሎች፣ ማለትም በቀን አራት ጊዜ የሚወጣውን የአሜሪካኑን ጂኤፍኤስ፣ የአውሮፓውን ማዕከል ሞዴልና በየሰዓቱ የሚታደሰውን የአሜሪካኑን ኤችአርአርአር ያመሳክራል፤ ሞዴሎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ የትኛውን ማመን እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ራሱ ነው። ካርታዎቹንም የሚያዘጋጃቸው ራሱ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ የሚቆመው ባዶ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ነው። ካርታው የሚታየው ለተመልካቹ ሲሆን፣ ባለሙያው እጁ የት ላይ እንዳረፈ የሚያውቀው በግራና በቀኙ ያሉትን ሞኒተሮች በዓይኑ ጠርዝ እያየ ነው። በብዙ ስቱዲዮዎች ሞኒተሩ እንደ መስታወት ስለማይገለብጥ፣ ጀማሪ ሰው ባልቲሞርን ለማሳየት የዘረጋው እጅ ሌላ ቦታ ሲያርፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ መጋባቱ አይቀርም። በዚህ መሐል ፕሮዲዩሰሩ በጆሮ ማዳመጫው «ሠላሳ ሴኮንድ ቀንስ» ይላል። ሦስት ደቂቃ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ተኩል ሲባል የሚተርፈው ጉዳዩን ከሥሩ ካወቀው ብቻ ነው፤ በቃል የተጠና ነገር እዚህ ላይ ይጠፋል። (አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሰው ሰውነቱ ወደ ካርታነት ስለሚለወጥ፣ በዚያ ስቱዲዮ አረንጓዴ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስም አይሆንም።)

ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርቱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለሜትሮሎጂ ባለሙያነት ያወጣው መስፈርት ቢያንስ 24 ሴሚስተር ሰዓት የሜትሮሎጂ ኮርስ ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 6ቱ በከባቢ አየር ዳይናሚክስና ቴርሞዳይናሚክስ፣ 6ቱ በአየር ሥርዓቶች ትንተናና ትንበያ፣ 3ቱ በፊዚካል ሜትሮሎጂ፣ 2ቱ በሪሞት ሴንሲንግ (ከሩቅ ሆኖ በመሣሪያ መለካት) መሆን አለባቸው። በተጨማሪም ፊዚክስ ከነላቦራቶሪው፣ ከካልኩለስ በኋላ ደግሞ የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ኮርስ ያስፈልጋል። ይህ የመንግሥት መስፈርት እንጂ የቴሌቪዥን ጣቢያ መስፈርት አይደለም፤ ጣቢያዎች የሙያው ዲግሪ የሌለውን አቅራቢ ሲቀጥሩ ታይተዋል። ቢሆንም ዲግሪያችሁን ስትመርጡ ይህን መስፈርት የሚያሟላውን ምረጡ የምለው የቴሌቪዥኑ በር ሲዘጋ ሌላ በር የሚከፍትላችሁ እሱ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ሜትሮሎጂ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው የስርጭት ሜትሮሎጂስት ማረጋገጫ ላይ በሙያው ዲግሪ፣ የጽሑፍ ፈተናና በአየር ላይ የቀረበ ሥራ ግምገማ ይጠይቃል። ብዙ ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ይህን ማረጋገጫ ያለው ሰው እንደሚመርጡ ይገልጻሉ።

ፔን ስቴት እና ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መስክ ስማቸው የታወቀ ነው፤ የከባድ ነጎድጓድና የቶርናዶ ትንበያ የሚወጣበት ብሔራዊ ማዕከልም ያለው ኦክላሆማ ውስጥ ኖርማን ከተማ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ግን ሩቅ ከማማተሩ በፊት ደጁን ቢያይ ጥሩ ነው። ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በከባቢ አየር ሳይንስ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል፤ ቤልትስቪል በሚገኘው ግቢውም የከባቢ አየር ምርምር ያካሂዳል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክም የራሱ ክፍል አለው። ሒሳቡንና ፊዚክሱን በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ መዛወር ብዙ ገንዘብ ያተርፋል፤ ነገር ግን የምትዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቀበል ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። ሥራና ቤተሰብ ይዞ በርቀት መማር ለሚፈልግ ሰው የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ፕሮግራም አለ፤ እሱንም ቢሆን ለምትፈልጉት ማረጋገጫ ይበቃ እንደሆነ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

መልኬና ስሜ ያስቀረኛል ብሎ ለሚያስብ ሰው የጁን ቤከን በርሲን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል። እኚህ ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1954 ከዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) በሜትሮሎጂ ተመርቀው ለዓመታት በመንግሥት ትንበያ ቢሮዎች ሠርተዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበፋሎ ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሌላ የዜና ሥራ ላይ ሳሉ የጣቢያው የአየር ትንበያ አቅራቢ ባንክ ዘረፈ ተብሎ ታሰረ። አለቆቹ ወደ እሳቸው ዞሩ፤ የሙቀት ማዕበል ይመጣል ብለው ተነበዩ፤ መጣም። በ1972 የሜትሮሎጂ ማኅበሩ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረውን የቀድሞውን የቴሌቪዥን ማረጋገጫ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በኋላም በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ያሸነፉትን 64,000 ዶላር በዚህ ሳይንስ ለሚማሩ ሴቶች ስኮላርሺፕ አዋሉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንቅፋት ልግባ። ኒልሰን የተባለው ድርጅት አገሪቱን በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች ይከፍላታል፤ ኒውዮርክ አንደኛ ሲሆን ዋሽንግተን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ነው። አዲስ ተመራቂ በዋሽንግተን ሥራ የማግኘት ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። የሚቀጠረው በሞንታና፣ በነብራስካ ወይም በምዕራብ ቴክሳስ ከዝርዝሩ ግርጌ በሆነ ከተማ ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ የአየር ትንበያ እያቀረበ በቀሩት ሦስት የሥራ ቀናት ካሜራ ተሸክሞ ዜና ይዘግባል። ደመወዙ በዲሲ መንገድ ላይ መኪና ከሚነዳው የአጎቱ ልጅ ገቢ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። የጠዋት ፈረቃ የደረሰው ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጁ 2 ሰዓት ማለት ነው፣ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ወገኑም በሌሉበት ቦታ፣ እንጀራ ከሩቅ ከተማ ተገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ በሚቀመጥበት ኑሮ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መቆየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በየቀኑ አየር ላይ ወጥቶ ትንበያው በማግስቱ ሲሳካና ሳይሳካ ሲያይ የሚማረውን ሌላ ምንም አያስተምረውም።

ያ ጊዜ የሚወሰነው በውል ነው። የመጀመሪያ ሥራ ያገኘ ሰው ከደስታው ብዛት ያልተነበበ ውል ላይ ይፈርማል። ከጊዜው በፊት ብትለቁ የምትከፍሉት ቅጣት አለ ወይ? ከለቀቃችሁ በኋላ በዚያው ከተማ ሌላ ጣቢያ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ አለ ወይ? ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር የሚከፈለው ገንዘብ እዚህ ላይ ቢወጣ አይቆጭም። የተማሪ ቪዛ ላይ ላላችሁ ሌላም ነገር አለ፤ ሙያው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ስለሚመደብ ከ12 ወሩ ኦፒቲ (ለተመራቂ ተማሪዎች የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) በኋላ የ24 ወር ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቪዛ ስፖንሰር የሚያደርግ ትንሽ ጣቢያ ማግኘት ከባድ ነው። በፌዴራሉ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለመቀጠርም በአጠቃላይ ዜግነት ያስፈልጋል።

ስለ አክሰንት ለሚጠይቁኝ የምመልሰው የሚሰማ እንጂ የሚደበቅ አነጋገር አያስፈልግም እያልኩ ነው። ቀስ ብሎ፣ የቃሉን መጨረሻ ሳይውጡ መናገር በልምምድ ይመጣል፤ የድምፅ አሠልጣኝም አለ። እኛን የበለጠ የሚያስቸግረን ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ከሰላምታና ከመቅድም ተነሥተን ወደ ጉዳዩ በዝግታ መግባት ስላደግንበት፣ ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሴኮንዶች የሚፈልገውን «ነገ ጠዋት መንገዱ በረዶ ይይዛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እናስቀምጠዋለን። የዕድል አነጋገርም ልምምድ ይፈልጋል። «40 በመቶ የዝናብ ዕድል» ማለት ከቀኑ 40 በመቶው ይዘንባል ማለት አይደለም፤ በትንበያው ክልል ውስጥ የትም ብትቆሙ ቢያንስ 0.01 ኢንች ዝናብ የማግኘት ዕድላችሁ በአሥር ቀን አራት እንደሆነ የሚነገርበት አባባል ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቁጥሩን ብቻ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ዝናቡ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው በኩል ሊመጣ እንደሚችልና ሠርግ በድንኳን የደገሰ ሰው ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ይናገራል።

የሙያው ክብደት የሚታወቀው በከባድ የአየር ሁኔታ ሌሊት ነው። ራዳሩ የነፋስ ፍጥነት በሚያሳይበት ምስል ላይ አረንጓዴው ወደ ራዳሩ የሚመጣውን፣ ቀዩ ከራዳሩ የሚርቀውን ነፋስ ያመለክታል፤ ሁለቱ ቀለሞች በጠባብ ቦታ ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲታዩ አየሩ እየተሽከረከረ ነው፣ ቶርናዶም ሊፈጠር ይችላል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው የመንግሥቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው፤ ለሕዝቡ የሚያስረዳው ግን መደበኛው ፕሮግራም ተቋርጦ ለሰዓታት ሳይቀመጥ የሚናገረው የአካባቢው ባለሙያ ነው። የካውንቲ ስም መጥራት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚደርስ መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በሚዙሪ ጆፕሊን ከተማ ከ150 በላይ ሰው የገደለው ቶርናዶ የማስጠንቀቂያ እጥረት አልነበረበትም፤ ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ሌላ ማረጋገጫ እስኪያገኝ መጠበቁን ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ገልጿል። ድምፁን ሳይጮኽ፣ ግን ሰው ከወንበሩ እንዲነሣ አድርጎ መናገር የሚችል ባለሙያ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሜትሮሎጂ ተምራችሁ ወይም በአገር ቤት በሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ሠርታችሁ በዲቪ የመጣችሁ ወገኖች፣ ዲግሪያችሁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁ ሌላ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ኮርስ በኮርስ አስገምግሙት። ከላይ ከጠቀስኩት መስፈርት የሚጎድላችሁ ጥቂት ኮርስ ሊሆን ይችላል። የበልግና የክረምት ዝናብን፣ የኤል ኒኞን ተጽዕኖ ከሥራ የምታውቁት ስለሆነ በሞቃታማው የምድር ክፍል ላይ ያላችሁ ልምድ እዚህ ከተማረ ተመራቂ የተለየ ነው። የሚከብዳችሁ የመካከለኛው ኬክሮስ የብርድና የሙቀት ግንባሮች (ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚጋጠሙባቸው መስመሮች)፣ የበረዶ ትንበያና ፋረንሃይት ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህም በአንድ የብርድ ወቅት ይለመዳሉ።

ሙያው ዋስትና አለው ብዬ ማንንም አላታልልም። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ትልቅ የጣቢያዎች ባለቤት የየከተማውን ባለሙያዎች አሰናብቶ ትንበያውን ከአትላንታ ለመላክ አቅዶ ተመልካቹ ሲቆጣ በከፊል ወደኋላ ብሏል፤ በዚያው ዓመት የመንግሥቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን አጥቷል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች፣ አየር መንገዶች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የካውንቲ የአደጋ ጊዜ ቢሮዎች ትንበያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ዲግሪያችሁ ሙሉ ይሁን ያልኩትም ለዚህ ነው።

ለልምምድ የሚሆን ሜዳ ግን በእጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ በሮክቪል ሜሪላንድ ምድር ቤት አፓርታማዎችን አጥለቅልቆ ሰው ሞቷል፤ በኒውዮርክም በዚያው ቀን ማታ በቤዝመንት የሚኖሩ ሰዎች በጎርፍ ሰጥመዋል። የእኛም ሰው አዲስ ሲመጣ የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ነው። የዲሲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎቱን በአማርኛም ይሰጣል፤ ቢሆንም ጎርፍ ሲመጣ የእናቶቻችንን ቋንቋ በሚገባ የሚናገር ባለሙያ የሚያስፈልግበት ደቂቃ ይኖራል። በአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ሁለት ደቂቃ ጠይቃችሁ በየሳምንቱ ትንበያ አቅርቡ፤ ትንበያችሁን ጻፉት፣ በማግስቱ ከሆነው ጋር አስተያዩት። ቀጣሪ የሚያየው የሥራ ናሙና ቪዲዮ በእንግሊዝኛ መሆን ቢኖርበትም ያለ ጽሑፍ መናገርን የምትለምዱት እዚያ ነው።

በአቅራቢያችሁ ላለ ጣቢያ ዋና ሜትሮሎጂስት አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ቁጭ ብላችሁ ለማየት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ስትሄዱ የዚያን ቀን ትንበያ ራሳችሁ ሠርታችሁ ሂዱና የእሱን ስትሰሙ የት እንደተለያያችሁ ጠይቁት። ከተቀጠራችሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓል የለም፤ የአየር ትንበያ ዕረፍት የለውምና ዲሴምበር 25 የሚሠራው አዲሱ ሰው ነው። ለእኛ ግን ይህ ይመቻል፤ የፈረንጁን ገና በፈቃደኝነት ወስዳችሁ በምላሹ ጃንዋሪ 7ን ወይም ኢድን ነፃ እንዲያደርግላችሁ የሥራ ባልደረባችሁን ቀደም ብላችሁ፣ መርሐ ግብሩ ሳይወጣ ጠይቁት።