ወደ ውጭ ክለብ ለምታማትሩ የቅርጫት ኳስ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከአራት ኪሎ እስከ ትንሿ ስታዲየም ድረስ ጥሩ ሹት ያለው ልጅ አላጣንም። ያጣነው የሚመኘውን ውድድር አሠራር አጥንቶ የሚዘጋጅ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታዩት ኤንቢኤን ብቻ ነው፤ የበሩን ጥበት ግን ታውቁታላችሁ። ለእናንተ የሚቀርበው የአፍሪካና የአውሮፓ ክለብ ነው። እዚያ ደግሞ የሜዳው ሕግም፣ የውድድሩ አወቃቀርም፣ የውሉ አጻጻፍም ሌላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

የአውሮፓ ክለብ ቅዳሜና እሁድ የአገሩን ሊግ፣ በሳምንቱ መካከል ደግሞ አህጉራዊ ውድድር ይጫወታል። እስከዚህ ድረስ እንደምታውቁት እግር ኳስ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ይለያል፤ የአገሩን ሊግ ያሸነፈ ሁሉ ዩሮሊግ ወደተባለው ትልቁ የአውሮፓ ክለቦች ውድድር አይገባም። እንደ ሪያል ማድሪድ፣ ኦሎምፒያኮስና ፓናቲናይኮስ ያሉ ክለቦች እስከ 2025/26 ድረስ የረጅም ጊዜ ፈቃድ ስለነበራቸው በሊጋቸው ሻምፒዮን ባይሆኑም ቦታቸው አይነካም ነበር። ምክንያቱ የቆየ ጠብ ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ በ1958 የጀመረውን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ትልልቆቹ ክለቦች በ2000 ትተው የራሳቸውን ውድድር፣ የዛሬውን ዩሮሊግ፣ አቋቋሙ፤ በ2001 አውሮፓ ማካቢ ቴል አቪቭና ኪንደር ቦሎኛ የተባሉ ሁለት ሻምፒዮኖች ነበሯት። ፊባ ከ2016 ጀምሮ የሚያካሂደው ባስኬትቦል ቻምፒየንስ ሊግም ከዩሮሊግ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ሰው «አውሮፓ ውድድር የሚጫወት ክለብ አግኝቼልሃለሁ» ሲላችሁ የትኛውን ውድድር እንደሆነ ጠይቁት።

በ2025/26 አሠራር በዩሮሊግ 20 ክለቦች ደርሶ መልስ 38 ጨዋታ ያደርጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት በቀጥታ ያልፋሉ፣ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት በቀሩት ሁለት ቦታዎች ላይ ይፋለማሉ፣ ሩብ ፍጻሜው ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው፣ የመጨረሻዎቹ አራት ግን በአንድ ከተማ በነጠላ ጨዋታ ይለያሉ። የስፔን ክለብ ከሆነ የአገሩ ሊግ 34 ጨዋታ ይጨመርበታል፤ ያለ ዋንጫና ያለ ጥሎ ማለፍ 72 ማለት ነው። ክለቦች ከ12 በላይ ተጫዋች የሚይዙት ለዚህ ነው፤ በፊባ ሕግ ግን ለአንድ ጨዋታ የሚመዘገበው 12 ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ልብስ ተቀምጦ ያያል። ማን እንደሚቀር የሚወስነው ብቃት ብቻ አይደለም፣ ፓስፖርትም ነው። ብዙ ሊጎች የውጭ ዜጋን ቁጥር ይገድባሉ። በስፔን ለዓመታት በኮቶኑ ስምምነት (የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ አገሮች ጋር ባደረገው ውል) የታቀፉ የአፍሪካ አገሮች ዜጎች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚባሉት ሁለት ቦታዎች ላይ አይቆጠሩም ነበር፤ የአፍሪካ ልጆች እዚያ በብዛት የታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዘመኑን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሜዳው። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፣ አምስተኛው ፋውል ያስወጣል፣ የሦስት ነጥብ መስመሩ 6.75 ሜትር ነው። ተከላካይ ቅርጫቱ ሥር ሦስት ሰከንድ ቢቆይ አይቀጣም፤ ስለዚህ ዝላያችሁን ተማምናችሁ ስትገቡ ረጅሙ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ታይም አውት የሚጠይቀው አሠልጣኙ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። የኛ ልጆች በጣም የሚሳሳቱት ግን በነጥብ ልዩነት ላይ ነው። ሁለት ቡድኖች በሰንጠረዡ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ የተጫወቱት ነው፤ አንድ አንድ ከተሸናነፉ የእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ልዩነት ይቆጠራል። በሜዳችሁ በ8 አሸንፋችሁ በመልሱ በ6 እየተመራችሁ 15 ሰከንድ ቀረ እንበል፤ ኳሱም በእጃችሁ ነው። ጥሩ ተጫዋች ኳሱን ይዞ ሰዓቱን ይጨርሳል። የቸኮለው ከሩቅ ይሞክራል፣ ይስታል፣ በመልሶ ማጥቃት ሦስት ነጥብ ይገባበታል፤ ሽንፈቱ በ9 ይሆንና ብልጫው ይጠፋል። እንደ ፊባ ዩሮፕ ካፕ ባሉ ውድድሮች ጥሎ ማለፉ በሁለት ጨዋታ ድምር ስለሚወሰን የመጀመሪያው ጨዋታ በአቻ ውጤት ሊያልቅ ይችላል፣ ተጨማሪ ሰዓትም አይሰጥም። ጨዋታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በኛ በምሽት ይጀምራሉና የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች እስክሪብቶ ይዛችሁ እዩ።

አፍሪካ ውስጥ በ2021 ኪጋሊ ላይ የተጀመረውንና የግብፁ ዛማሌክ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደበትን የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን (ባል) አትናቁ። የአንዳንድ አገሮች ሻምፒዮን በቀጥታ ይገባል፣ የቀሩት በማጣሪያ ያልፋሉ። በመጀመሪያው ዘመን ደንብ አንድ ቡድን እስከ አራት የውጭ ተጫዋች ሊይዝ ይችል ነበር፤ ከአፍሪካ ውጭ የሚመጡት ግን ከሁለት አይበልጡም። እንዲህ ያለ ደንብ የጎረቤት አገር ክለብ ሌላ አፍሪካዊ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ለዚያ ክለብ የምትልኩት ቪዲዮ የዳንክ ቅንጭብ ብቻ አይሁን። አንድ ሙሉ ጨዋታ ጨምሩ፤ ስልኩን ከመሐል መስመር ትይዩ ከፍ ካለ ደረጃ ላይ አቁሙና አሥሩም ተጫዋች ይታዩ። አሠልጣኙ የሚፈልገው ኳስ ሳትይዙ የምትሠሩትን ነው።

በወረቀቱ ጉዳይ እለምናችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። ከአገር ወደ አገር ስትዛወሩ የለቀቃችሁበት አገር ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። 18 ዓመት ላልሞላው የውጭ ዝውውር በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይፈቀድም፤ ለ16 ዓመት ልጅ «ክለብ አለ፣ ገንዘብ አምጣ» የሚልን ሰው ወላጆቻችሁ አያምኑት። የወኪሉን ስም ፊባ ፈቃድ ከሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ውሉ ላይ ደመወዙ ከግብር በኋላ የተጣራ መሆኑን፣ ቤቱንና የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚከፍል፣ ብትጎዱ ክፍያው መቀጠሉን፣ በስንት ቀን ሙከራ ሊያሰናብቷችሁ እንደሚችሉ አንብቡ። ክፍያ ስንት ቀን ከዘገየ ውሉን ማፍረስ እንደምትችሉም በቁጥር ይጻፍ።

በመጨረሻም አለመግባባት ቢነሳ በ2007 በተቋቋመው የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት ጄኔቫ ላይ እንዲታይ የሚል አንቀጽ ከሌለ አትፈርሙ። አንቀጹ ካለና ክለቡ የተፈረደበትን ካልከፈለ ፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊያግደው ይችላል። ጉዳዩ የሚታየው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለማመልከቻውም የማይመለስ ክፍያ አለ። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ወገኖች ሳይጠራ በሰነድ ብቻ ስለሚወስን የባንክ መግለጫችሁን፣ የሕክምና ወረቀታችሁንና ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጻጻፋችሁትን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ በየቀኑ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂም አዲስ አበባ ለቤተሰብ ላኩ።