የኤስካሌተር ጥገና ውል ባለሕንፃውን ከኃላፊነት ያድነዋልን?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ለሱቆች የሚከራይ ሕንፃ አለኝ። ኤስካሌተሩ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ እየተጠራ የሚጠግን ድርጅት ጋር ውል ገብተናል። በቅርቡ በአንድ የገበያ ቀን የአንዲት እናት ጋቢ ጫፍ በላይኛው መውጫ ማበጠሪያ (ደረጃዎቹ ከሥሩ የሚገቡበት ባለ ጥርስ ሰሌዳ) ተይዞ ወደቁ፤ እጃቸውም ተሰበረ። የማበጠሪያው ሁለት ጥርሶች ከተሰበሩ ቆይተዋል። መግቢያው ላይ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ አለ። ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይስ ጠጋኙ?

መልስ፦ ለተጎዱት እናት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ኤስካሌተሩ ከሕንፃው ጋር በቋሚነት የተያያዘ በመሆኑ የሕንፃው አካል ነው፤ ራሱን የቻለ ማሽን ነው የሚል ክርክር ቢነሣም አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤትን በተመሳሳይ መንገድ ኃላፊ ያደርጋል። አንቀጽ 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «ጥፋቱ የሦስተኛ ወገን ነው» በማለት ከኃላፊነት መውጣትን አይፈቅድም። የሚቀርልዎ መከላከያ የተጎጂዋን ጥፋት ማስረዳት ብቻ ነው፤ ብርዱ በሚጠናበት በደብረ ብርሃን ግን ጋቢ ወይም በርኖስ ለብሶ ገበያ መውጣት ጥፋት ሊባል አይችልም። ማስታወቂያውም እርስዎ ለብቻዎ የለጠፉት እንጂ እናቲቱ የተስማሙበት ውል አይደለም።

ከጠጋኙ ጋር ያለዎት ውል በአንቀጽ 1952 መሠረት የሚጸናው በሁለታችሁ መካከል ብቻ ነው። ካሣውን ከከፈሉ በኋላ ከድርጅቱ መልሰው መጠየቅ የሚችሉት በውሉ የገባውን ግዴታ ያልፈጸመ እንደሆነ ነው፤ ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። «ሲጠራ ይመጣል» የሚል ውል ያልተጠራን ሰው አያስጠይቅም፤ ስለ ተሰበሩት ጥርሶችም ድርጅቱን በጽሑፍ ካላሳወቁት ሙሉው ሸክም እርስዎ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ውሉ ወደ ቅድመ ብልሽት ጥገና እንዲለወጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ባለሙያው በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ ማበጠሪያውን፣ የደረጃውን ሰንሰለት፣ ፍሬኑን፣ የእጅ መደገፊያውንና የአደጋ ማቆሚያ ቁልፉን እንደሚፈትሽ፣ በደረጃውና በጎን ሰሌዳው መካከል ያለውን ክፍተትም ለክቶ በመዝገብ ላይ እንደሚፈርም በግልጽ ይጻፍ። የአውሮፓ የደኅንነት መስፈርት ለዚህ ክፍተት በአንድ ወገን ከ4 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ወገን ድምር ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም ይላል፤ ውሉ ይህን መለኪያ ቢጠቅስ ክርክርን ይቀንሳል። በደረጃው ሥር የሚጠራቀመውን ቅባትና ቆሻሻ ማጽዳትም ከውሉ መቅረት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1987 ለንደን በሚገኘው የኪንግስ ክሮስ የምድር ባቡር ጣቢያ 31 ሰዎች የሞቱበት እሳት የተነሣው ከእንጨት በተሠራ ኤስካሌተር ሥር በተከማቸ ቅባትና ቆሻሻ ላይ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ጥርሶቹ መሰበራቸውን እያወቁ ኤስካሌተሩ ሰው ማመላለሱን መቀጠሉ ነው። ይህ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳት የሚል ክስ ሊያስከትል ይችላል፤ የጥገና ውል መኖሩ ብቻውንም ክሱን አያስቀርም። ዛሬውኑ ያስቁሙት፤ ሰውም እንደ ተራ ደረጃ እንዳይወጣበት ሁለቱንም ጫፍ ይዝጉ። የተሰበረውን ማበጠሪያ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት እንጂ አይጣሉት፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እናቲቱ ካሣ የመጠየቅ መብታቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት በይርጋ (በጊዜ ገደብ ማለፍ) ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። ያን እስኪያልፍ መጠበቅ አይገባም። የሕክምና ወጪያቸውን አሁኑኑ ይሸፍኑ፤ በሽማግሌ ከተስማማችሁም ስምምነቱ የሕክምናውን፣ የተቋረጠውን ገቢና ወደፊት ሊከተል የሚችለውን ጉዳት ለይቶ በጽሑፍ ይስፈር፤ እርስዎና እናቲቱ በምስክሮች ፊት ፈርሙበት።