በጥር ወር በአነስተኛ ገንዘብ ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት ላሰቡት እኅታችን

ከአዳማ የጻፉልን እኅታችን፣ በጥር ወር ከእናትዎና ከታናሽ ወንድምዎ ጋር ለሦስት ቀን ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት እንዳሰባችሁ፣ የያዛችሁት ገንዘብ ግን አነስተኛ መሆኑን ገልጸዋል። እናትዎ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም መንገድ በእግር መሄድ እንደማይችሉም ነግረውን፣ የጣና ሐይቅ ገዳማትንና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ ለመመለስ ከየትኛው ወጪ ላይ መቀነስ እንደሚሻል ጠይቀዋል። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር በመሆኑና ከየአገሩ የሚመጡ ዘመዶቼንና ወዳጆቼን ለዓመታት ሳስተናግድ ስለቆየሁ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

በዚህ ከተማ የጎብኚን ኪስ የሚያራቁተው አልጋውም ምግቡም ሳይሆን የጀልባው ኪራይ ነው። ጀልባ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉው ስለሆነ፣ ዐሥር ሰው በሚይዝ ጀልባ ሦስት ሆናችሁ ብትሳፈሩ የሰባቱን ባዶ ወንበር ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ። ብዙ እንግዶች ርካሽ አልጋ ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ ያመሹና በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የተጠየቁትን ከፍለው ይሳፈራሉ፤ በየሌሊቱ የቆጠቡት ገንዘብ በዚያች ቅጽበት ያልቃል። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከጀልባው ጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ዙሪያ ይስተካከላል።

ቀኑን ገና ካልቆረጣችሁ ከጥምቀት ሰሞን ራቁ። ጥር 10፣ 11 እና 12 በጎንደር ለማክበር የሚጓዘው ሕዝብ በከፊል በባሕር ዳር በኩል ስለሚያልፍ አልጋ ይጠፋል፤ የተገኘውም ዋጋው ይሰቀላል። ከዚያ ይልቅ ጥር 16ን መካከል አድርጋችሁ ብትመጡ እመርጣለሁ። ኪዳነ ምሕረት በየወሩ በ16 የምትታሰብ ስለሆነችና በጣና ዳር ካሉት የዘጌ ገዳማት ሁሉ ስሟ የገነነው ዑራ ኪዳነ ምሕረት በመሆኗ፣ በዚያ ዕለት ለመሳለም የሚሻገር ምእመን አይጠፋም፤ ከእነሱ ጋር ስትሳፈሩ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። ዓመታዊው በዓል የካቲት 16 ቀን ነው። ያን ጊዜ ጀልባ ማግኘት ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ሥዕሎቹን ተረጋግቶ ማየት ይቸግራል። የእናትዎ ዋና ሐሳብ ጸሎትና በረከት ከሆነ ግን ጉዟችሁን አንድ ወር ብታዘገዩ አትቆጩም።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መኖራቸው ነው። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ በመሆኑ ባለጀልባዎች ቀድመው ስሙን ይጠሩላችኋል፤ ነገር ግን ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ታላቅ ገዳም ቢሆንም፣ ለወንዶች ብቻ ነው። ከሦስታችሁ ሁለታችሁ ሴቶች ስለሆናችሁ፣ ወንድምዎ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ዳር ተቀምጦ ለመጠበቅ የጀልባ ሒሳብ መክፈል አይገባችሁም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ይቀበላል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ፤ በጣና ላይ ካሉት ሁሉ እኔ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ይሁንና ናርጋ የምትገኘው ከደቅ ደሴት ጋር ተጠግታ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ነው። ዐሥር ሆኖ ለሚመጣ ቡድን እንጂ ለሦስት ሰው የሚሆን ጉዞ አይደለም።

የእናንተ ቦታ ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት ሳትሆን ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነች በመኪናም ይደረስባታል፤ ወጣቶች ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ዋጋው ከጀልባው ጋር አይወዳደርምና። ነገር ግን ከመኪናው ወርዶ በጫካው ውስጥ እስከ ዑራ መሄድ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። ጀልባው ግን ከገዳሙ ብዙ በማይርቅ ወደብ ላይ ስለሚያወርዳችሁ፣ ለእናትዎ ሲባል ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ ተገቢ ነው። ወደ ዘጌ የሚመላለስ የሕዝብ ጀልባ በዚያ ሳምንት መኖር አለመኖሩንም ወደብ ላይ ጠይቁ፤ ካለ ከሁሉ የሚረክሰው እሱ ነው።

ወደ ሐይቁ ዳር በዋዜማው አመሻሽ ላይ ውረዱ እንጂ ለጠዋት አታቆዩት። ያረፋችሁበት ቤት ውስጥ ሌሎች እንግዶች ካሉ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሁለት ቤተሰብ ቢጨመር ሒሳባችሁ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከባለጀልባው ጋር ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ ቆርጣችሁ አትለያዩ። ዘጌ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ስትመለሱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ያሳልፋችኋል ወይስ ለዚያ ሌላ ይጠይቃል? ነዳጁ በዋጋው ውስጥ ነው? ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? እነዚህን በቃል አስረግጣችሁ፣ ግማሹን ሂሳብ ስትነሱ ግማሹን ስትመለሱ ለመክፈል ተስማሙ። የዓባይ መውጫው ጉማሬ የሚታይበት ስለሆነ እንደ ተጨማሪ ጉዞ ሊያስከፍሏችሁ ይሞክራሉ፤ ለከተማው ቅርብ በመሆኑ ግን በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ ብታስገቡት አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሐይቁ ይናወጣል፤ እናትዎን በማዕበል ማንገላታት አያስፈልግም።

ከወደቡ ወደ ዑራ የሚወጣው መንገድ ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት ዳገት ነው፤ ምርኩዝ ይዘው በቀስታ ይውጡ። በግራና በቀኝ የምታዩት ጫካ ከሥሩ ቡና ነው። በዘጌ ምድር እንዳይታረስ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም አዝዘዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በቡናና በጌሾ ሲተዳደር ኖሯል፤ ዛፉም በዚሁ ምክንያት ቆይቶልናል። ቡና መግዛት ካማራችሁ በመንገዱ ዳር ካሉት ገበሬዎች ግዙ። በ16 ከሄዳችሁ ቅዳሴው እስኪያበቃ ቅኔ ማሕሌቱ በምእመናን የተሞላ ስለሚሆን፣ አትቸኩሉ። ከዚያ በኋላ ካህኑ የመስኮቱን መዝጊያ ሲከፍቱ ብርሃኑ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያርፍና ከመሬት እስከ ጣሪያ የተሣለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሚያሳየውን ክፍል እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሲድን ካህኑ በረጅም ዘንግ እየነኩ አንድ በአንድ ይተርካሉ። ፎቶ ካነሣችሁ ፍላሹን አጥፉ፤ ቀለሙን ይጎዳዋል።

እያንዳንዱ ገዳም የመግቢያ ሂሳብ የሚቀበለው ለየብቻው ነው። ለኢትዮጵያውያን የሚጠየቀው ከውጭ አገር ዜጎች በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያችሁን አትርሱ። ዑራንና በቅርብ ያለችውን አዝዋ ማርያምን ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ገዳማቱን ሁሉ በአንድ ቀን ለማዳረስ የሚሮጥ ሰው በየበሩ ይከፍላል እንጂ አንዱንም በቅጡ አያይም።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ ምናልባት ያላሰቡትን እነግርዎታለሁ፤ በጥር አትሂዱ። የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ አብዛኛው በዚያ በኩል ስለሚሄድ፣ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል። በነሐሴ መጨረሻ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን ግን ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ያን ጊዜ መጥቶ አለማየት ያሳዝናል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከመኪናው ከወረዱ በኋላም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል በእግር የሚኬድ አለው። ለእናትዎ ጉልበት የሚመች አይደለም። ወንድምዎ እጅግ ከጓጓ ብቻውን ጠዋት ከመናኸሪያ በሕዝብ መኪና ሄዶ ይመለስ፤ ማታ መኪና ስለሚያጥር ግን እንዳያመሽ።

በምትኩ ያንን ቀን ለከተማው ስጡት፤ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በባጃጅ ውጡ፤ እዚያ ያለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ለእይታ ባይሆንም፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከላይ ሆኖ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን የዓባይ ድልድይ እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ። ባጃጅ ስትይዙ ኮንትራት መሆን አለመሆኑን ሳትነጋገሩ አትግቡ፤ በጋራ የሚጫነው በጣም ያነሰ ነው። አመሻሽ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱና ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ሲመለሱ እያያችሁ ቡና ጠጡ።

አልጋውን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አትያዙ፤ ሁለትና ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ንጹሕ ፔንሲዮን በብዙ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። አጎበር መኖሩን አይታችሁ ክፈሉ፤ ባሕር ዳር ወባ አለ። ለምግቡ አትጨነቁ፤ ቆሮሶ ጥብስ አንድ ሙሉ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየዐይነቱ አለ።

የመጨረሻው ነገር መንገዱ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጠባ ማሰብ አይገባም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው ጉዞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቆየው ግጭት ምክንያት የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሰዎችን ጠይቁ፤ መንገዱ አሳሳቢ ነው ካሏችሁ በአውሮፕላን ኑ፤ ያም ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ወር አዛውሩት። በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ብትመጡ ለጀልባው ሌሎች እንግዶች እስክታገኙ አንድ ቀን መጠበቅ ግድ ይላችኋልና፣ የዘጌውን ጉዞ ለመጀመሪያው ሳይሆን ለሁለተኛው ቀን ያዙት።